ክሮሙ ራሱ አይቆሽሽም

ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከቮልሷ ፊት በርጩማ አስቀምጬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሁለት ባልዲ ውሃ፣ አንድ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ አራት ማይክሮፋይበር ጨርቅና በመዳፍ ልክ የተቆራረጠ የአሉሚኒየም ፎይል አለ። እስከ ስድስት ሰዓት አልተነሳሁም። በአራት ሰዓት ውስጥ የጨረስኩት የፊተኛውን ባምፐርና የሁለቱን ፓውዛ ቀለበቶች ብቻ ነው። ብዙ ሰው ጊዜ ማባከን ይለዋል። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ይሄንን ሰዓት ነው።

ቮልሷ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አጎቴ ዓይኑ ሲደክምበት መንዳት አቆመና ቁልፏን ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ጋ እስክትደርስ ድረስ ስድስት ዓመት መጠለያ ሥር ቆማለች። ሞተሯን መካኒክ አስነሳልኝ። ቀለሟም ደህና ነበር፤ ታጥቦ ዋክስ ሲቀባ ተመለሰ። ባምፐሯና ስፖኪዮዋ ላይ የሚያበራውን ክሮም ግን በራሴ እጅ ላድነው ብዬ ተነሳሁ። የመጀመሪያውን ዕቃም በራሴ እጅ አበላሸሁት።

የተበላሸው በሾፌሩ በኩል ያለው ስፖኪዮ ነው። ጀርባው ላይ ግራጫ ነገር ጋግሮበት ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ብጠርገው፣ ብጠርገው አልለቅ አለኝ። ወጥ ቤት ገባሁና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና አሸዋ አሸዋ የሚለውን የመፈተጊያ ዱቄት ይዤ ወጣሁ። ፈተግኩት። ግራጫው ወዲያው ለቀቀ፣ ስፖኪዮው አበራ። ደስ ብሎኝ ጨመርኩበት። ሲደርቅ ፀሐይ ላይ አውጥቼ ሳየው ዙሪያውን በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል። መሃሉ ላይ ደግሞ የሳንቲም ስፋት ያለው ቢጫ ነገር ወጥቷል። ዝገት መሰለኝ።

እንደ ዕድል ሆኖ እሱን መፈተግ አልጀመርኩም። ስፖኪዮውን ፈትቼ ክሮም በማልበስ ሥራ ላይ ያረጁ አንድ አዛውንት ጋ ወሰድኩት።

“ጋሼ፣ ይሄ ዝገት በምን ይለቃል?” አልኳቸው።

ተቀበሉኝና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉት። ከጠረጴዛቸው ላይ ነጭ ወረቀት አንስተው ከጎኑ ያዙት። ወረቀቱ ስፖኪዮው ላይ ሲታይ ዳር ዳሩ ላይ ሰማያዊ ቢጤ ነው። መሃሉ ላይ ሲደርስ ወተት ውስጥ ሻይ ጠብ እንዳለበት ይሆናል።

“ልጄ፣ ይሄ ዝገት አይደለም። ኒኬል ነው። ክሮሙን ጨርሰኸው አልፈሃል።”

እስከዚያች ቀን ድረስ ክሮም ማለት አንድ ወፍራም የሚያበራ ብረት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው አስቀምጠው አስተማሩኝ። ከሥር ዋናው ብረት አለ። በእሱ ላይ ብዙ ጊዜ መዳብ ይለብሳል። በመዳቡ ላይ ኒኬል ይመጣል። ክሮሙ የመጨረሻው ነው። ለውበት ተብሎ በሚለብስ ዕቃ ላይ የክሮሙ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ እስከ ግማሽ ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን አካባቢ ነው ብንል፣ ክሮሙ የፀጉርን መቶኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ኒኬሉ ከእሱ በአሥሮች እጥፍ የሚቆጠር ውፍረት አለው። መስታወት የሚመስለው ብርሃን በአብዛኛው የኒኬሉ ነው። ክሮሙ ኒኬሉ እንዳይደበዝዝና እንዳይጫር ይጠብቀዋል። ያችን ቀዝቀዝ ያለች ሰማያዊ መልክ የሚሰጠውም እሱ ነው።

ክሮም በጣም ጠንካራ ነው፤ ከብዙ ብረት ይበልጣል። ነገር ግን ስስ ነው። የአጎቴ ስፖኪዮ ደግሞ ለስንት ዓመት በእጅ ሲነካ፣ በአቧራማ ጨርቅ ሲጠረግ ኖሯል። የእኔ ዱቄት የቀረችውን ጨረሳት።

“ክሮም ራሱ አይቆሽሽም” አሉኝ ሲያሰናብቱኝ። “የሚቆሽሸው ላዩ ነው። አንተ የተቀመጠበትን አንሳለት እንጂ እሱን አትንካው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማደርገው ሁሉ ከዚህ ከአንድ ነገር የሚነሳ ነው። ክሮም አየር ላይ እንደ ብር አይጠቁርም፣ እንደ ነሐስም አያረጅም። ደብዝዞ ሲታይ ላዩ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦበታል ማለት ነው። አቧራ፣ የሬንጅ ጠብታ፣ የደረቀ ውሃ ጨው፣ የነፍሳት ቅሪት፣ የፍሬን ብናኝ ወይም ከሥር የወጣ ዝገት ሊሆን ይችላል። ምን እንደተቀመጠበት ካወቅን በምን እንደምናነሳው እናውቃለን።

ከሁሉ በፊት ግን ዕቃው በእርግጥ ክሮም መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚያበራ ሁሉ ክሮም አይደለም። እኔ ኪሴ ውስጥ ትንሽ ማግኔት እይዛለሁ። ከጭረት እንዲጠብቅልኝ በስስ ጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ባምፐሩ ላይ ጥብቅ ብሎ ይይዛል፤ ከሥሩ ብረት ስላለ። በቮልሷ ጎን የሚሄደው ቀጭን ጌጥ ላይ ግን ይወድቃል፤ እሱ አሉሚኒየም ነው። ማግኔት ብቻውን አይበቃም። አንዳንድ አይዝጌ ብረት ማግኔት ይስባል፣ አንዳንዱ አይስብም። ስለዚህ በጥፍሬም መታ መታ አደርጋለሁ። ፕላስቲክ ድምፁ ድፍን ነው፣ ሲነኩትም እንደ ብረት አይቀዘቅዝም።

አሉሚኒየሙን የለየሁት ሳላስበው ነው። በዚያ ጌጥ ላይ ፖሊሽ ቀብቼ ስጠርገው ጨርቁ ጥቁር ሆነ። ሌላ ጨርቅ ቀየርኩ፤ ያም ጠቆረ። ሦስተኛውም እንደዚያው። እርቃኑን ያለ አሉሚኒየም ሲታሽ ጥቁር መልቀቁን አያቆምም። ክሮም ግን ላዩ ያለው ቆሻሻ ሲያልቅ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። እንዲያ ሲሆን ሥራው አልቋል፤ እጅን ማንሳት ነው። የጨርቁን ፊት ማየት ማንም ጀማሪ ሊማረው የሚገባ ነገር ይመስለኛል።

የዘመኑ መኪኖች ግሪልና አርማ አብዛኛውን ጊዜ ክሮም የለበሰ ፕላስቲክ ነው። የእህቴ መኪና እንደዚያ ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ ከሥሩ አይዝግም፤ ሲጎዳ ግን ይላጣል፣ አረፋ ያወጣል። እዚያ ላይ ለስላሳ ሳሙና፣ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። ፎይልም ሆነ ሽቦ አይጠጋውም።

ወደ ቅዳሜዬ ልመለስ።

ሥራውን ጥላ ውስጥ ነው የምጀምረው። ብረቱ በፀሐይ ከጋለ ሳሙናው ሳይታጠብ ይደርቅበታል፣ ፖሊሹም ይጋገርበታል። በመጀመሪያ በብዙ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ይህን የምዘለው ቀን የለም። ክሮሙን የሚጭረው በጨርቅና በብረት መሃል የቀረ አሸዋ ነው። ከዚያ የመኪና ሻምፑ። አንዱ ባልዲ ለሻምፑው፣ ሌላው ጨርቁን ለማለቅለቅ። ጨርቁ ወደ ሻምፑው ከመመለሱ በፊት ሁልጊዜ በንጹሑ ውሃ ያልፋል። ሲያልቅ የሁለተኛውን ባልዲ ወለል እዩት። የተከማቸው ደቃቅ አሸዋ ሁሉ ክሮሙ ላይ ሊሄድ የነበረ ነው።

የጥርስ ብሩሹ ለፓውዛው ቀለበት ጠርዝና ለብሎን ራስ ነው። ቆሻሻ የሚደበቀው እዚያ ነው፤ ዝገትም የሚጀምረው ውሃ በሚተኛበት ቦታ ነው። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን።

ሬንጅ ካለ ነጭ ጋዝ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጌ ደቂቃ ያህል አስተኛበታለሁ። ከዚያ ሳልጫን ስጠርገው ይመጣል። ቦታውን ወዲያው በሻምፑ አጥባለሁ። ለደረቀ የውሃ ነጠብጣብ አቼቶን ከእኩል ውሃ ጋር እቀላቅላለሁ። ያ ነጭ ክብ የካልሲየም ጨው ስለሆነ በደካማ አሲድ ይሟሟል። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ ነው። አቼቶ ተቀብቶ የሚረሳ ነገር አይደለም። አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ባይጠጋ ይሻላል።

አሁን ዝገቱ። በጣም የምወደው ክፍል እሱ ነው።

የባምፐሩ ቀኝ ጥግ በቡናማ ነጥቦች ተሞልቶ ነበር፤ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ክሮም ላዩ ድፍን ይምሰል እንጂ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆችና ቀዳዳዎች አሉት። ኒኬሉም ላይ ክፍት ካገኘ ውሃ ከነጨው ሰርጎ ብረቱ ድረስ ይወርዳል። ብረቱ ሲዝግ ያብጣል። መውጫው በገባበት በኩል ነውና ተገፍቶ ይመጣል፣ ክሮሙም ላይ ይፈሳል። ስለዚህ የምናየው ነጥብ የጉድጓዱ አፍ ነው። ክሮሙ ላይ የፈሰሰውን ማንሳት ይቻላል። ጉድጓዱን መድፈን ግን በጨርቅ የሚሆን አይደለም።

ፎይሉን በመዳፍ ልክ ቆርጬ ጨመድድ አደርገዋለሁ። ውሃ ውስጥ ነክሬ በሁለት ጣት እይዘዋለሁ። የትኛው ፊቱ እንደሚያበራ ማየት አያስፈልግም፣ ሁለቱም አንድ ነው። በትንንሽ ክብ፣ ሳልጫን አሸት አሸት አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ሸካራ ነው፤ ክርር ክርር ይላል። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ወደ ግራጫ ጭቃ ይለወጣል፣ ቡናማም ይቀላቀልበታል። ድምፁ እየለሰለሰ ሄዶ በመጨረሻ ይጠፋል። ያኔ ቆም ብዬ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ከጭቃው ሥር ሰማይ ብቅ ይላል። በእውነት ሰማይ፤ ደመናውም ጭምር።

ፎይል የመረጥኩት አሉሚኒየም ከክሮም በብዙ ስለሚለሰልስ ነው። ዝገቱን ይወስዳል፤ ከክሮሙ ጋር ቢጋጭ የሚሸነፈው እሱ ነው። ውሃው ግን አይቅር፣ እጅም አይክበድ። ጭቃው ሲበዛ ጠርጎ አዲስ ፎይል መያዝ ነው። ጠንከር ያለ ዝገት ሲገጥመኝ የነሐስ ሽቦ እጠቀማለሁ፤ እሱም ከክሮም ይለሰልሳል። ብዙዎች 0000 የሚባለውን እጅግ ደቃቅ የብረት ሽቦ ይመርጣሉ። በፖሊሽ ተርሶ በቀስታ ከተያዘ ይሠራል። ሆኖም ሽቦው እየተሰባበረ ብናኙ በየጠርዙ ይቀራል፣ ያም ብናኝ ራሱ ይዝጋል። የወጥ ቤቱን ሽቦና ብርጭቆ ወረቀትን ግን በጭራሽ።

ከፎይሉ በኋላ በደንብ አጥቤ አደርቃለሁ። ከዚያ የክሮም ፖሊሽ። የቦሎቄ ፍሬ የምታህል በቂ ናት፤ የምሠራውም በመዳፍ ልክ በመዳፍ ልክ ነው። ለቀለም ጭረት የሚሸጠውን ሻካራ ኮምፓውንድ ለክሮም አልጠቀምም። የጥርስ ሳሙናም የሚመክሩ አሉ። የጥርስ ሳሙና ውስጥ የመፋቂያ ዱቄት አለ፤ ሻካራነቱም ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ይለያያል። የማላውቀውን መፋቂያ በዚያ ስስ ቆዳ ላይ አላሳርፍም።

አሲድን በተመለከተ የደረሰብኝን ልናገር። አንድ ጊዜ ጊዜ አጥሮኝ ቮልሷን ወደ መኪና ማጠቢያ ወሰድኳት። አጣቢው ልጅ ክፋት አላሰበም፤ ለቸርኬ የሚሰጠውን ፈሳሽ ነው የነፋባት። ኮፓዎቹ፣ ማለትም የቸርኬው ክዳኖች ላይም አረፈ፣ ወዲያውም አልታጠበም። ቤት ስደርስ ሁለቱ ኮፓዎች ላይ ጭስ የነካቸው የሚመስል ነጭ ደመና አገኘሁ። በፎይልም በፖሊሽም አልወጣም። ክሮም ብዙ ነገር ይችላል፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን ያሟሟዋል። ሥራው ላይ ያሉ ሰዎችም አሮጌ ክሮም ለማንሳት የሚጠቀሙት እሱን ነው። አንዳንዱ የቸርኬ ማጽጃ ውስጥ ጠንካራ አሲድ አለ። በረኪናም ለክሮም አይሆንም። አሁን የትም ብትታጠብ አስቀድሜ “ቸርኬው ላይ ውሃና ሻምፑ ብቻ” እላለሁ። መናገር ነውር የለውም።

በመጨረሻ ዋክስ። ያ ሁሉ ነጥብ የጉድጓድ አፍ ነው ብያለሁ። ዝገቱን አንስቼ እንዲሁ ብተወው አፉን ከፍቼ ለውሃ አዘጋጀሁት ማለት ነው። ስለዚህ ብረቱ በደንብ መድረቅ አለበት። ከታጠበ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አየር ላይ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ የመኪና ዋክስ በስሱ እቀባለሁ። ሲደበዝዝ በንጹሕ ጨርቅ አነሳለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ እደግመዋለሁ። የባምፐሩን ውስጠኛ ፊትም አልረሳም። እዚያ ክሮሙ ይበልጥ የሳሳ ነው፣ ውሃና ጭቃም የሚያድረው እዚያ ነው። ውስጡን ዋክስ በብሩሽ እለቀልቀዋለሁ፤ የሚያየው ስለሌለ ውበቱ አያስጨንቀኝም።

ዋክሱ እንዳለ የማውቀው በውሃ ነው። ጠብታው ክብ ሆኖ ከተንከባለለ አለ። ከተንጣለለ አልቋል። ዝናብ በሚበዛበት ጊዜ በየወሩ፣ በደረቁ ጊዜ በየሁለት ወሩ እቀባለሁ።

ስፖኪዮውን እንደገና ላስለብሰው አስቤ ነበር። አዛውንቱ ሥራውን ሲነግሩኝ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ገባኝ። አሮጌው ክሮምና ኒኬል ይነሳል፣ ብረቱ እስኪያበራ ይሞረዳል፣ ከዚያ መዳቡ፣ ኒኬሉና ክሮሙ በየተራ በኤሌክትሪክ ይለብሳሉ። ከሥር የቀረ ጭረት ከላይ ይታያል፤ ክሮም ጉድለት አይሸፍንም። አብዛኛው የድካም ዋጋ ለሞረዳው ነው። ቤት ውስጥ የሚሞከርም አይደለም። በዚህ ሥራ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል የኖረው ስድስት ቫለንት የሚባለው የክሮሚየም ዓይነት መርዝ ነው፣ ካንሰርም ያመጣል።

“ይቺ ገና ትኖራለች” አሉኝ ስፖኪዮውን መልሰው ሲሰጡኝ። “ኒኬሉ አልተበሳም። ዋክስ ቀባና ተዋት።”

ተውኳት። ቢጫዋ ቦታ አሁንም አለች። ሌላውን ስወለውል እሷ ላይ ዋክስ ብቻ አሳርፋለሁ።

እሑድ ዕለት አጎቴ መጣ። ክርኑን ይዤ ወደ ቮልሷ ወሰድኩት። አሁን ጥላና ብርሃን እንጂ ዝርዝር አያይም። ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ባምፐሩ ላይ አሳረፈና ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ሄደ። ቀኙ ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ። በአውራ ጣቱ ወዲያና ወዲህ አለበት።

“እዚህ ጋ አልነበረም እንዴ ሻካራው?” አለኝ።

“እዚያው ነበር” አልኩት።

እጁን ሳያነሳ ደግሞ አንዴ ሄደበት።